ከ2,000 ጊዜ በላይ የበረረው ኦቶ ሊሊየንታል (የቀድሞ ርዕስ፦ በተሳሳተ ሰንጠረዥ የሞተው በራሪ)

መነሻ ጽሑፍ

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ በረራ ስናገር ኦቶ ሊሊየንታልን የማነሣው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ አየር ክንፍን በምን ያህል ኃይል እንደሚያነሣ በሚያሳይ፣ ራሱ ባዘጋጀው የተሳሳተ ሰንጠረዥ ተመርቶ ሲበር ሕይወቱን ያጣ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፣ ስሕተቱንም የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያበረሩት አሜሪካውያን ራይት ወንድማማቾች አርመውታል ብዬ አልፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ያነበበችውን ጠቅሳ፣ ሰንጠረዡ ስሕተት ከነበረ ሰውየው ከ2,000 ጊዜ በላይ እንዴት ሊበር ቻለ ስትል ጠየቀችኝ። ደወሉ ገላገለኝ።

የማውቀውን ላስቀድም፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሊሊየንታል የተወለደው ሜይ 23 ቀን 1848 በፕሩሺያ፣ ፖሜራንያ ውስጥ በምትገኘው አንክላም ከተማ ነው። ከስምንት ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት እርሱ፣ በአንድ ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ጉስታቭና እኅታቸው ማሪ ብቻ ናቸው። አባታቸው በ1861 ስለሞተ ያሳደገቻቸው እናታቸው ነበረች። ወንድማማቾቹ ገና ተማሪዎች ሳሉ ከእንጨት የሠሩትን ክንፍ በክንዳቸው ላይ አስረው ከኮረብታ ቁልቁል ይሮጡ ነበር፤ የክፍል ጓደኞቻቸው እንዳያላግጡባቸውም ይህን የሚያደርጉት በሌሊት ነበር። ኦቶ በርሊን ምሕንድስና ተምሮ በ1883 የእንፋሎት ማሞቂያና ሞተር የሚሠራ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፤ በ1889 ስለ ወፎች በረራ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1891 ፖትስዳም አጠገብ ደርቪትስ በተባለ ቦታ 25 ሜትር ያህል በአየር ላይ ተንሸራተተ። በ1896 ወድቆ ሲሞት 48 ዓመቱ ነበር።

የተማሪዬ ጥያቄ ቢከነክነኝም አቋሜን አልለወጥሁም፤ ሰንጠረዡ ባይሳሳት ኖሮ አይሞትም ነበር ባይ ነኝ። የተሳሳትሁ የሚመስለው ሰው ካለ ያርመኝ።

(ክሩ ከጠበቅሁት በላይ ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገቡ አንባቢዎች እንዲቀል መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስፍሬአቸዋለሁ።)

1ኛ መልስ። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ እንደሆኑ የገለጹ ሰው በትሕትና ጀምረው፣ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ አድርጌ እንደያዝሁ ነገሩኝ። ሰንጠረዡ የሚናገረው ክንፉ በዚህ ማዕዘን ነፋስ ሲመታው ምን ያህል ክብደት እንደሚያነሣ ነው፤ ሰውየውን የገደለው ግን ሚዛን ማጣት ነው። የማንሣት ኃይል ቢጎድለው ኖሮ መጀመሪያውኑ ከኮረብታው አይነሣም ነበር፤ ስለዚህ ተማሪዋ ትክክል ናት ሲሉ ደመደሙ።

2ኛ መልስ። ለተማሪዋ ምርቃት ነው። ሽልማት ሊሰጣት ይገባል የሚል ሐሳብም ተጨምሮበታል። ተቀብያለሁ።

3ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ጠጠር አለ። ጸሐፊው ራይቶች በ1901 ኪቲ ሆክ በተባለ የአሜሪካ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የሞከሩት ግላይደር (ሞተር የሌለው መንሸራተቻ አውሮፕላን) በሊሊየንታል ሰንጠረዥ ተሰልቶ እንደተሠራ፣ ያነሣው ክብደት ግን ከተሰላው እጅግ ያነሰ እንደነበረ አስታውሰው፣ ይህ ስሕተት ካልተባለ ምን ሊባል ነው ሲሉ 1ኛውን መልስ ሞገቱ። ጀርመናዊውን ለማወደስ ሲባል የታወቀውን ታሪክ መገልበጥ አያስፈልግም የሚል አነጋገርም ጣል አድርገዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር።

4ኛ መልስ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እኚህ ጸሐፊ በረጅሙና በትዕግሥት እንዳስረዱት፣ የማንሣት ኃይል የሚሰላው አራት ነገሮችን በማባዛት ነው፤ የክንፉ ስፋት፣ የፍጥነቱ ካሬ፣ ከሰንጠረዡ የሚነበበው ቁጥርና አየሩ በጠፍጣፋ ነገር ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት የሚወክል አንድ ቋሚ ቁጥር። ይህ የመጨረሻው የሊሊየንታል ግኝት አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በጆን ስሚተን ስም የሚጠራ፣ መቶ ዓመት ያለፈው ቁጥር ነው፤ በእንግሊዝ መለኪያ 0.005 ተብሎ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ። ራይቶች ከራሳቸው ግላይደር ልኬት ተነሥተው ሲያሰሉት ያገኙት ግን 0.0033 ያህል ነው። ይህ ማለት በአሮጌው ቁጥር 150 ኪሎ ያነሣል ተብሎ የተሠራ ክንፍ የሚያነሣው 100 ኪሎ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

ራይቶች በዚያው ዓመት መጸው በአሜሪካዋ ዴይተን ከተማ በሚገኘው የብስክሌት ሱቃቸው 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ሣጥን ሠርተው፣ በአንድ ጫፉ ማራገቢያ ገጥመው፣ 200 ያህል ትንንሽ የክንፍ ቅርጾችን ፈተኑ። ከዚያ በኋላ ነው የሊሊየንታል ሰንጠረዥ ለፈተነው ቅርጽ ከሞላ ጎደል ትክክል እንደሆነ የተረዱት። እንግዲህ ራይቶች አረሙት የሚባለው ሰንጠረዥ፣ ራይቶች ራሳቸው ነጻ ያወጡት ሰንጠረዥ ነው። ጸሐፊው እኔን በስም ባይጠሩም፣ ይህን ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚያሠራጩት መምህራን ናቸው ብለዋል።

5ኛ መልስ። 3ኛው ጸሐፊ ተመልሰው ስለ ቋሚው ቁጥር የተባለውን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ሲሶ የሚሆን ልዩነት ብቻውን በኪቲ ሆክ የታየውን ጉድለት በሙሉ አይሸፍንም ሲሉ አጥብቀው ያዙ። በዚህ ትክክል ነበሩ።

6ኛ መልስ። የጥገና ባለሙያው ቀሪውን ጉድለት በክንፉ ቅርጽ አስረዱ። የሊሊየንታል ቁጥሮች የተለኩት ወደ ጫፉ እየጠበበ በሚሄድና የጉብጠቱ ከፍታ ከፊት እስከ ኋላ ያለውን የክንፉን ወርድ አንድ አሥራ ሁለተኛ በሚያህል ክንፍ ላይ ነው፤ ራይቶች ደግሞ ሰንጠረዡን የተጠቀሙበት ጉብጠቱ ላነሰና ቅርጹ ሌላ ለሆነ ክንፍ ነበር። ለአንዱ ሰው የተለካ ጫማ ሌላውን ቢቆረቁረው ጥፋቱ የጫማ ሰፊው አይደለም ሲሉ ነገሩን ቋጩት። 3ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ በዚህ ነጥብ ላይ አልተመለሱም።

7ኛ መልስ። ጣርማ በር አካባቢ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ሰው፣ በልጅነታቸው ገደል አፋፍ ላይ በደረታቸው ተኝተው ጥንብ አንሣ አሞሮችን ከላይ ወደ ታች ይመለከቱ እንደነበር ጻፉ። አሞራው ከቆላ የሚመጣው ነፋስ ገደሉን ገጭቶ ሲነሣ ክንፉን አንዴም ሳያርገበግብ ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ ከራሳቸው በላይ ይወጣል፤ በሚያልፍበት ቅጽበት የክንፉ ጀርባ እንደ ተገለበጠ ሰፌድ ጎበጥ ማለቱ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ረጃጅም ላባዎችም እንደ ጣት ተዘርግተው መንቀጥቀጣቸው በግልጽ ይታያል። ሊሊየንታል ከወንድሙ ጋር ለዓመታት በሚሽከረከር ክንድ ላይ ጠፍጣፋና ጎባጣ ሰሌዳ እያሰረ ሲለካ ያገኘው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ጎበጥ ያለው ከጠፍጣፋው ይልቅ ብዙ ያነሣል። ይህን መልስ ለተማሪዎቼ አንብቤላቸዋለሁ።

8ኛ መልስ። አንድ ተሳታፊ 1896 ማለት 1888 ዓ.ም. መሆኑን፣ ሊሊየንታል የወደቀውም ነሐሴ 4 ቀን፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን እንደሆነ ቆጥረው፣ የዐድዋ ዓመት ነው ሲሉ በኩራት ጻፉ።

9ኛ መልስ። ዐድዋን በየርእሱ መሰንቀር ልማድ ሆኗል፤ ጦርነትና ግላይደርን ምን አገናኛቸው? የመልሱ መንፈስ ይህ ነው። ቃላቱ ከዚህ የበረቱ ስለነበሩ አላሰፍራቸውም።

10ኛ መልስ። አስታራቂው ብልህ ናቸው። ዐድዋ የተደረገውም ሊሊየንታል የወደቀውም እሑድ ቀን እንደሆነ፣ በመካከላቸውም 161 ቀን፣ ልክ 23 ሳምንት እንዳለ አስልተው ሁለቱንም ካሳቁ በኋላ ወደ ጉዳዩ መለሱን። በዚያው ክረምት ኦርቪል ራይት ዴይተን ውስጥ በታይፎይድ ተይዞ አልጋ ላይ ነበር፤ ወንድሙ ዊልበር ስለ በረራ በብርቱ ማሰብ የጀመረው የሊሊየንታልን መሞት የሚገልጸውን ዜና ካነበበ በኋላ መሆኑንም ራሱ ጽፏል። እንግዲህ ሞቱ ባይሰማ ኖሮ በረራው ምን ያህል ይዘገይ ነበር ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ክሩ ወደ ሽመላ ዞረ።

11ኛ መልስ። ከእስራኤል የጻፉ እናት ናቸው። ወንድማማቾቹ በአንክላም ሜዳ ላይ ሽመላ ሲነሣ እየተመለከቱ እንዳደጉ፣ ኦቶም በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተመካው በሽመላ ክንፍ ላይ እንደሆነ ካነበቡ ወዲህ ሰውየውን እንደ ዘመድ ያዩታል። ጎንደር ውስጥ በልጅነታቸው ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆች ሁሉ ከቤት ወጥተው፣ ኢየሩሳሌም ደኅና ናት ወይ እያሉ በዜማ ይጠይቁት ነበር። ዛሬ በሁላ ሸለቆ መንጋው ሲያርፍ በመስኮት ያዩታል፤ አሁን ደግሞ ስለ ጎንደር ሊጠይቁት ይቃጣቸዋል።

12ኛ መልስ። 4ኛው ጸሐፊ፣ በተለመደው ጥንቃቄያቸው፣ የአውሮፓ ሽመላ ሁሉ በእኛ ሰማይ እንደማያልፍ አሳሰቡ፤ የምዕራቦቹ በጂብራልታር ይሻገራሉ። አንክላም ግን የምትገኘው በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን ስለሆነ፣ የዚያ አገር ሽመላ በቦስፖረስ፣ በእስራኤልና በዓባይ ሸለቆ አድርጎ ወደ ሱዳንና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርደው ነው፤ ስለዚህ የእናትየው ስሜት መሠረት አለው። ሽመላ ሰፊ ባሕር የማይሻገረው ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣ አየር እየተሸከመ ስለሚጓዝ ነው፤ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር የለም። ሊሊየንታልን የጣለውም ይኸው ከሞቀ መሬት የሚነሣ አየር ነው። ሽመላው የሚንሳፈፍበትን አየር ሰውየው አልቻለውም።

13ኛ መልስ። በዚህ ጊዜ ከጀርመን የጻፉ ሰው የዚያን ቀን ታሪክ በዝርዝር አመጡ። ሊሊየንታል በ1894 በርሊን ሊሽተርፌልደ ውስጥ ከሸክላ ፋብሪካ በተረፈ አፈር 15 ሜትር ከፍታ ያለው ሰው ሠራሽ ኮረብታ አሠርቶ፣ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ፊት ለፊት እየገጠመ ይለማመድ ነበር። ረጃጅሞቹን በረራዎች፣ እስከ 250 ሜትር የደረሱትን፣ ያደረገው ግን በሪኖው ኮረብቶች ነው። ኦገስት 9 ቀን 1896 እዚያው፣ ሽቶለን መንደር አጠገብ ጎለንበርግ በሚባለው ኮረብታ ላይ በፀሐያማ አየር ይበር ነበር። ድንገት ከሥር የመጣ አየር ግላይደሩን አንሥቶ አፍንጫውን ወደ ላይ አቆመው፤ ፍጥነቱ አለቀ። ረዳቱ መካኒክ ፓውል ባይሊሽ ከታች ሆኖ ሲመለከት፣ ጌታው እግሮቹን ወደ ፊት እየወረወረ አፍንጫውን ለመመለስ ታገለ፤ ማሽኑ ግን አዘቀዘቀና 15 ሜትር ከሚያህል ከፍታ ወደቀ። የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። በማግሥቱ በባቡር ወደ በርሊን ተወስዶ ሐኪም ቤት ውስጥ ሞተ።

አንድ ነገር ጨምረዋል። በ1894 ተመሳሳይ አደጋ ሲደርስበት ከፊቱ የታሰረ የአኻያ እንጨት ቀለበት ተሰባብሮ ነፍሱን አትርፎለት ነበር። በሞተበት ቀን ማሽኑ ላይ ያ ቀለበት አልነበረም።

14ኛ መልስ። 3ኛው ጸሐፊ ናቸው፤ አሁን በሌላ በር ገቡ። ሲሞት መሥዋዕትነት መከፈል አለበት ብሎ ተናግሯል የሚባለውን 13ኛው ጸሐፊ አለማንሣታቸው ትልቅ ጉድለት ነው አሉ።

15ኛ መልስ። 13ኛው ጸሐፊ ሆን ብለው እንደተዉት በቁጣ መለሱ። ላንክቪትስ በሚገኘው መቃብሩ ላይ ቃሉ የተቀረጸው ከሞተ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ በሞት አልጋው ላይ እንደተናገረው የሚያሳይ የታመነ ምስክር የለም። የሚያምር ቃል ሁሉ የሟች ቃል አይደለም ብለው ዘጉት። በበኩሌ ይህን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስለማውቅ ዝም አልሁ።

16ኛ መልስ። ሜሪላንድ የሚኖሩ ሰው ከዓመታት በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ያዩትን የሊሊየንታል ግላይደር ገለጹ። የአሜሪካዊው የጋዜጣ ባለቤት የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ገንዘብ በ1896 ያስመጣው ነው። የክንፉ አጥንቶች ከአኻያ ተጠርበው እንደ ሌሊት ወፍ ጣቶች ከአንድ ቦታ ይዘረጋሉ፤ ለጉዞም እንደ ጃንጥላ ይታጠፋሉ። ጨርቁ እኛ አቡጀዲ የምንለው ዓይነት ተራ የጥጥ ጨርቅ ነው። መላው ማሽን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እኚህ ሰው ከሁሉ ይልቅ የተመለከቱት መካከሉን ነበር፤ በራሪው ክንዶቹን የሚያስገባበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ብብቱና ክንዱ ተይዘው የሚወዛወዘው ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ብቻ ነው። ግራው ክንፍ ሲነሣበት እግሩን ወደ ግራ ይወረውራል፤ ሌላ መሪ የለውም። ዛሬ በተመሳሳይ ክንፍ የሚበሩ ሰዎች ከላይ በማሰሪያ ተንጠልጥለው መላ አካላቸውን እንደ ልብ ያዘዋውራሉ። በእኔ ግምት የሞቱ ምክንያት ከዚህ መልስ በተሻለ አልተገለጸም።

የጥገና ባለሙያው ከሥሩ አጭር ማስታወሻ አክለዋል፤ በ2016 የጀርመን የአየርና የጠፈር ምርምር ማዕከል አምሳያውን አሠርቶ በነፋስ ዋሻ (ሰው ሠራሽ ነፋስ በሚነፍስበት መሞከሪያ ቱቦ) ሲፈትነው፣ ማሽኑ በራሱ ሚዛኑን የሚጠብቅ ሆኖ ተገኝቷል። ሰውየው በአየር ላይ የሚታገለው ከማሽኑ ጋር አልነበረም፤ ከድንገተኛ ነፋስ ጋር ነበር።

17ኛ መልስ። ይህ ሁሉ ተብሎ በአየር ላይ የቆየው ስንት ሰዓት ነው የሚል አጭር ጥያቄ ነው። የመለሱት 10ኛው ጸሐፊ ናቸው፤ ዊልበር ራይት በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ሰዓት ያህል ብቻ እንደሆነ ገምቷል። እያንዳንዱ በረራ ጥቂት ሰከንድ ነውና። ቢሆንም ከእርሱ በፊት ማንም ይህን ያህል አልተለማመደም፤ ብስክሌት በወሬ እንደማይለመድ ሁሉ በረራም በአካል ካልሆነ እንደማይለመድ የገባው እርሱ ነው።

18ኛ መልስ። አንድ አዲስ ገቢ ግላይደሩን በ500 ማርክ ይሸጥ እንደነበር አንብበው፣ ሰውየው ነጋዴ እንጂ ሌላ አይደለም፣ ፐርሲ ፒልቸርን የመሰሉ ገዢዎቹንም ለሞት ዳርጓል ሲሉ ወረዱበት።

19ኛ መልስ። 13ኛው ጸሐፊ በሦስት ነጥብ መለሱ። ብሪታንያዊው ፒልቸር በ1899 የሞተው ራሱ በሠራው ግላይደር ነው፤ ከሊሊየንታል በገዛው አይደለም። ከገዢዎቹ አንዱ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ነበር፤ ይህ ሰው በተራ ሸቀጥ ሊታለል የሚችል አይደለም። ነጋዴ ስለመባሉም፣ ሊሊየንታል በ1890 ከፋብሪካው ትርፍ 25 በመቶውን ለሠራተኞቹ ማካፈል ጀምሯል፤ በርሊን ውስጥም በአንድ ቲያትር ቤት ባለድርሻ ሆኖ ድኻው በርካሽ እንዲገባ አድርጓል። አዲሱ ገቢ ይቅርታ ጠየቁ፤ በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

20ኛ መልስ። አንዲት ጸሐፊ ሁላችንንም በአንድ ላይ ገሠጹን። አሥራ ዘጠኝ መልስ ተጽፎ፣ የባይሊሽ ስም እንኳ ተነሥቶ፣ በ1878 ያገባትን፣ አራት ልጆቹን የወለደችለትንና እርሱ በ48 ዓመቱ ሲሞት መበለት የሆነችውን ሚስቱን አግነስን አንድ ሰው አላነሣም። የአንክላምን ሽመላ አንድ በአንድ የቆጠረ መድረክ መበለቲቱን እንዴት ይረሳል ሲሉም ጠየቁ። መልስ የሚገኝለት አልነበረም።

21ኛ መልስ። ከጀርመን የሚጽፉት ሰው ብቻ አንድ ነገር አመጡ። ኦክቶበር 23 ቀን 1989 የምሥራቅ ጀርመን አየር መንገድ አንድ ኢሊዩሺን 62 አውሮፕላን፣ አራት ጄት ሞተር የተሸከመውን ግዙፍ ማሽን፣ ጎለንበርግ ሥር ባለ 900 ሜትር በማይሞላ የሣር ሜዳ ላይ በአቧራ ደመና ውስጥ አሳርፎ ለመንደሩ መታሰቢያ ትቶታል። የአውሮፕላኑ ስም እመቤት አግነስ ነው። ዛሬ ውስጡ ጋብቻ ይፈጸምበታል። ገሣጯ ጸሐፊ ይህን ካነበቡ በኋላ የጻፉት፣ ለእርሷም ቢሆን አውሮፕላን ብቻ ነው የተሰጣት የሚል ነበር።

22ኛ መልስ። የራሴ ነው። ትናንት ክፍል ውስጥ ሁለት እኩል ካርቶን ቆርጠን፣ አንዱን በእንፋሎት አጉብጠን፣ በየተራ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ በተተከለ ሽቦ አስረን በቬንትሌተር ነፋስ መታናቸው። ጠፍጣፋው ሲመታ የሚዛኑ መርፌ ትንሽ ወደ ኋላ አለ፤ የጎበጠው ሲመታ ከዚያ አልፎ ሄደ። ጠያቂዋ ተማሪ ሁለቱንም ንባብ በደብተሯ ጻፈች፤ ከዚያም ባለፈው ሳምንት ያጻፍኋትን ዓረፍተ ነገር ታጥፋው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አጥፊው አልኋት። የዚህንም ጽሑፍ ርዕስ ለውጬ ገባሁ።

23ኛ መልስ። 3ኛው ጸሐፊ፣ ርዕሱ ከተለወጠ የመጀመሪያዎቹ ስድስት መልሶች ከማን ጋር እንደሚከራከሩ አዲስ አንባቢ እንደማይገባው፣ ለእርሳቸውም ክርክራቸው ከባዶ የተነሣ እንደሚመስልባቸው ጻፉ። አቤቱታቸው ተገቢ ነው። የቀድሞውን ርዕስ በቅንፍ መልሼዋለሁ።